ባዶ ሙቀጫ የወቀጥን ዕለት

ረቡዕ፣ ግንቦት 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

አንዱ ቆርቆሮዬ ጎረቤቴ አስካለ ጓሮ፣ ጎመኑ ላይ ተጋድሞ ተገኘ። ሌላው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተሰክቷል። የቀረው የት እንደ ደረሰ እግዜር ይወቀው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከአልጋዬ በላይ ጣራ የለም፤ ሰማይ ነው፤ አሞራ ያንዣብባል። ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው። አማቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይቺን ልጅ ለቅሶ ቤት አትላኳት፣ ታዋርደናለች» ትል ነበር።

ግን ሳቁ አልቆየም። ልጄ ደረጀ ከትናንት ጀምሮ የለም።

በተርታው ልጻፈው። አለዚያ ነገ እኔም አላምነው። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ትናንት ከምሳ በኋላ ጉም ወርዶ መንደሩን ዋጠው። ጎረቤላ እንዲህ ነው፤ ጉም ሲወርድ የራስን ደጅ በእጅ ዳስሶ ነው የሚገባው። የቀበሌውን ሱቅ ዘግቼ መጥቻለሁ፤ ስኳሩም ሳሙናውም ካለቀ ሰንብቷል፣ ምን ልሸጥ? ደረጀ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የተቀደደ ጫማውን ይሰፋል። አንዱን ጨርሶ አጥልቆታል፤ ሁለተኛው ጭኑ ላይ ነው። «እማዬ፣ ይሄ ጫማ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ሊወጣ ነው» ይለኛል። እየተሳሳቅን ነበር።

ያኔ ከደብረ ብርሃን መንገድ በኩል ጉርምርምታ መጣ። ዝቅ ያለ፣ ከባድ፣ የማያቋርጥ። እየቀረበ ሲመጣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ጀመር። ካሚዮኖች ተከታትለው ሲመጡ ልክ እንደዚያ ነው።

እዚህ ሰፈር ወንድ ልጅ ያላት ሴት ሁሉ የምታውቀው ውል አለን። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ከመጣ ወዲህ ካሚዮኑ ሳይታሰብ ከች ይልና ጎረምሳውን ከየቤቱ አፍሶ ይሄዳል። ወደ ሰሜን ይወስዷቸዋል። ከሄዱት ውስጥ እስካሁን የአንዱን ድምፅ የሰማች እናት አላውቅም። ስለዚህ ካሚዮኑን ቀድማ የሰማች ሴት ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች። ሙቀጫ ውስጥ እህል ሲኖር ድምፁ ዱብ ዱብ ነው፣ ከጓሮ አያልፍም። ባዶውን ሲወቅጡት ግን ይጮኻል፤ ቋ! ቋ! እያለ ገደሉን ይዞ ይሄዳል። ጎረቤቷ ትቀበላታለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። የምትወቅጥ ሴት ማን ይጠረጥራል? ልጆቹ ያንን ሲሰሙ ከመንደሩ ጫፍ ወዳለው የባሕር ዛፍ ደን ይሮጣሉ። እዚያ ራሳቸው የቆፈሩት መደበቂያ አላቸው።

እኔም ወቀጥኩ። ቀድሜ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ዘነዘናውን በሁለት እጄ ይዤ ወቀጥኩ፣ ወቀጥኩ፣ ክንዴ እስኪዝል። አስካለ ተቀበለችኝ። ከታች ሰፈርም ተቀበሉ።

ደረጀ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶውን ሮጠ። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ራቴን እንዳትበዪብኝ» አለኝ። ጉሙ ዋጠው።

ካሚዮን አልነበረም። ነፋስ ነበር።

መጀመሪያ ጉሙ ባንዴ ተጠረገ፣ አንድ ሰው ጋቢ እንደሚገፍፍ። ከኋላው አንድ ጥቁር ነገር ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ቀጥ ብሎ መጣ። ቤቱ እንደ ሰው ትንፋሹን ሳበ። ምስማሮቹ አንድ ባንድ ሲነቀሉ ሰማኋቸው። አልጋ ሥር ገባሁ። ምን አቅፌ እንደ ገባሁ ያወቅኩት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሙቀጫውን ነው ያቀፍኩት።

ስወጣ ደኑ የለም። አንድ ዛፍ አልቆመም። ሁሉም አናቱን ወደ አልዩ አምባ ቆላ አድርጎ ተኝቷል፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር። አውሎ ነፋስ አውቃለሁ፤ ይሽከረከራል፣ ያንዱን ቤት ነቅሎ ያንዱን ይምራል። ይኸኛው አልተሽከረከረም። ማንንም አልማረም። እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ አለፈ።

እና ዛሬ ልጄን መፈለግ አለብኝ፤ ስሙን ግን መጥራት አልችልም። በቀበሌ ዘንድ ደረጀ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ነው ያለው። የአስካለ ልጅ ግርማ ደግሞ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል። አብረው ነው የሮጡት፣ እሱም አልተመለሰም። የሌለ ልጅ ጠፋብኝ ተብሎ ይጮኻል?

ዘዴ ፈጠርኩ። ሰው ሁሉ የተበተነ ቆርቆሮውን እየፈለገ አይደል? እኔም ቆርቆሮ ፍለጋ ብዬ ወጣሁ፤ አስካለም ላግዛት ብላ ተከተለችኝ። የኔ ቆርቆሮ ይለያል፤ ደረጀ አምና የክሊኒኩ በር ተቀብቶ በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶታል። በወደቀው ደን ዙሪያ ዞርን። ግንዱ በግንድ ላይ ተደራርቦ ውሻም አያሳልፍ። በየክፍተቱ ጎንበስ እያልን «አለህ?» እንላለን፣ በሹክሹክታ።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣብን።

«እናንተ፣ ማንን ነው የምታነጋግሩት?»

«ቆርቆሮዬን ነዋ!» አልኩት። «ሰማያዊ ነው። ካየኸው እንዳትወስድብኝ፣ ምስክር አለኝ።»

«ቆርቆሮ መልስ ይሰጣል እንዴ፣ እትዬ በላይነሽ?»

«ያንተ ቆርቆሮ ዝምተኛ ይሆናል። የኔ ከኔ ጋር ኖሮ ወሬ ለምዷል።»

ሳቀና ሄደ። አስካለ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ፤ እስክንመለስ አልለቀቀችኝም። የቆነጠጠችኝ ቦታ አሁንም ሰማያዊ ነው።

የደረጀ ሁለተኛ ጫማ ምድጃው አጠገብ ነው። መርፌው እንደ ተሰካበት።


ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ጠዋት የሱቃችንን ዕቃ የሚያመጣው ሾፌር በእግሩ ደረሰ። መኪናውን ዛፍ የዘጋው መንገድ ላይ ትቶት ነው የመጣው። ውኃ ሰጠሁት።

«እትዬ፣ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ነው» አለኝ። «የትምህርት ቤቱ ጣራ፣ የስልክ እንጨቱ፣ የገበሬው የጭድ ክምር። ጣርማ በርም እንዲሁ ነው ይላሉ። ደግሞ ሁሉም ወደ እናንተ ነው የተኛው። አንድ እንኳ ወደ ኋላው የወደቀ የለም። መንገዱን ሙሉ አንድ ሰው ጣቱን ወደዚህ የቀሰረ ይመስላል።»

ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጥሩምባ ተነፋ። መንገዱ እንዲከፈት ዘመቻ፤ መጥረቢያ ያለው መጥረቢያ፣ ገጀራ ያለው ገጀራ ይዞ ይውጣ። አስካለ በጆሮዬ «መንገዱ እንደ ተዘጋ ቢቀር ምናለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስንት ወር የፈራነውን ካሚዮን የሚያስቆምልን ሰው አጥተን ነፋስ አስቆመልን። ይህንን ድል ነው ብዬ ልጽፈው ነበር፣ ከሰዓት በፊት ሆኖ ቢሆን።

እኛ ሴቶች ቅርንጫፍ እንድንጎትት ደኑ ጫፍ ላይ መደቡን። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ሽታው ጉንፋን ለያዘው ሰው እንደሚታጠነው ነው። እንባ ያመጣል፤ ስለዚህ ሁላችንም ያለ ጥርጣሬ እናለቅስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ መደበቂያው አጠገብ ደረሱ። አንዱ ሽማግሌ ቅርንጫፍ ቀና አደረጉና ቆባቸውን አወለቁ።  መጥረቢያው ሁሉ ጸጥ አለ።

ግርማ ነበር። ትልቁ ግንድ ከነሥሩ ተነቅሎ የጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የተኛው።

አስካለ አልጮኸችም። ከሁሉ የማይረሳኝ ይኼ ነው። ልጇን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ የቀበሌውን ሊቀመንበር አየች። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። ማልቀስ ትችል እንደሆነ እየጠየቀችው ነበር። ቆላ ወርዷል ያለችው ልጅ ነዋ! ሊቀመንበሩ ከኛ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው፤ ልጅ ሆኖ ጉም ይፈራ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«አልቅሺ» አላት። «ልጁ እንጨት ሊለቅም ወጥቶ ነፋስ ገደለው። እኔም የምናገረው ይኼንኑ ነው። ሌላ ወሬ የሚያወራ ካለ ከኔ ጋር ነው።»

ያኔ ጮኸች።

እኔ አብሬያት መሬት ላይ ወድቄ ዓይኔ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው የለም። ደረጀ የለም። የኔ የለም፣ የኔ የለም ብሎ ልቤ ዘለለ። እሷ አጠገቤ ደረቷን እየደቃች የኔ ልብ ይዘላል።


ዓርብ፣ ግንቦት 12

የሚካኤል ለት ተቀበረ። አገሩ ሁሉ ወጣ። ልጆቻቸው ሰሜን የቀሩባቸው እናቶች ከአስካለ ይበልጥ አለቀሱ፤ የሚለቀስበት ሬሳ ካገኙ ስንት ዘመናቸው። አስካለ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ተዘግቶ «እኔስ አፈር አለበስኩት» አለች። «እኔስ ቦታውን አውቀዋለሁ።» ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ቀንተውባት ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ የሚቀናበት ዘመን።

ማን ቀድማ ወቀጠች ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ያውቃል። ድምፁ ከየት ቤት እንደ ጀመረ ጉም አይደብቀውም።

ለአስካለ ልነግራት ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ በላይነሽ፣ ወሬ የማላጣው ሰው። ሦስቴም «ውኃ ላምጣልሽ?» አልኳት።

ሙቀጫውን አልጋ ሥር ገፍቼ ማዳበሪያ አልብሼዋለሁ። ጣራው ላይ የወጠርኩት ሸራ ነፋስ ሲነካው ወራጁን ይመታል። ቋ! ይላል። በተመታ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። የሚሮጥ እግር የምሰማ ይመስለኛል፣ አንዱ ጫማ ያለው፣ አንዱ የሌለው።

ደረጀን ዛሬም አልፈለግኩትም። የት ልፈልግ? በደኑ ውስጥ ገና ያልተነሣ ግንድ ብዙ ነው። ነገ ይቀጥላሉ ብለዋል። እዚያ እንዳይሆን እለምናለሁ፤ እዚያ ከሌለ ግን የት እንደ ሆነ አላውቅም። ልመናዬ እርስ በርሱ ይጣላል።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ሁሴን መጣ፣ ከአልዩ አምባ በርበሬና ዝንጅብል እያመጣ የሚሸጠው፣ የሞተው ባሌ ወዳጅ። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ አስካለን «አላህ ያጽናሽ እህቴ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አላትና ጥቂት ተቀመጠ። ሲወጣ እኔን በዓይኑ ጠራኝ።

«እት በላይነሽ፣ ቆርቆሮሽን ደጅሽ አድርሼልሻለሁ። ነይና አንሺው፣ በቅሎዋ ተጨንቃለች።»

ሄድኩ። እውነትም በቅሎዋ ጎን ላይ የኔ ሰማያዊ ቆርቆሮ በገመድ ታስሯል፤ እንደ ጨርቅ ተጣጥፏል። የቀበሌው ጥበቃ ከማዶ ቆሞ ያያል። ሁሴን ገመዱን እየፈታ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ በቅሎዋ ሰኮና ያወራል። ጥበቃው ሰለቸውና ሄደ። ቤት እንደ ገባን በሩን ገፋ አደረገው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ እጅሽን አፍሽ ላይ አድርጊ።»

አደረግኩ።

«ልጅሽ እኔ ቤት ነው።»

እጄን ነከስኩት። ምልክቱ አሁንም አለ።

«ወላሂ በሕይወት አለ» አለኝ። «ረቡዕ ጠዋት ግመሎቼን ፍለጋ ወጥቼ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ነው ያገኘሁት። ይኼንን ቆርቆሮ ለብሶ ተኝቷል። ዝናቡ ከላዩ ሲወርድበት አድሯል፤ ቆርቆሮው ባይሆን ብርዱ ይጨርሰው ነበር። ትከሻው ወልቆ ነበር፣ ወጌሻ መልሶታል። አንድ እግሩ በእሾህ አልቋል።»

«ባዶ እግሩን ነው» አልኩት። «አንዱ እግሩ ባዶ ነው።»

በራሱ እጅ የቀባው ቆርቆሮ! ነፋሱ ከኔ ጣራ ነቅሎ፣ ቀጥ ብሎ ወስዶ፣ ልጄ ላይ አለበሰው። ይህን ለማን ልንገር? ለግድግዳ?

«ምን አለ? ምን ይላል?»

ሁሴን ቆቡን አስተካከለ።

«አይናገርም፣ እት በላይነሽ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲጠሩት ዞር ይላል። አይናገርም። የመጀመሪያው ቀን ብቻ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ‹ግርማ ወጣ?› አለኝ። እኔ አላወቅኩ፣ ይወጣል አልኩት። አሁን ምን ብዬ እገባለሁ?»

አብረው ነበሩ ማለት ነው። ሊያወጣው ሞክሮ ነበር ማለት ነው። ትከሻው እንዲያ ነው የወለቀው። ወደ መንደሩም ካሚዮኑን ፈርቶ አልተመለሰም፣ ቁልቁል ወረደ እንጂ።

«እንዳትመጪ» አለኝ ሁሴን። «ለቅሶ ትተሽ ቆላ ብትወርጂ ሰው ይጠይቃል። ልጁ የኔ ልጅ ነው፤ ከልጆቼ ጋር ይበላል፣ ከልጆቼ ጋር ይተኛል። ደስታሽን በሆድሽ ያዢው።»

በሆድሽ ያዢው! ለኔ! ስኳር መጣ ሲባል እንኳ እልል የምለው ሰው!

ጫማውን ከምድጃው አጠገብ አንሥቼ የቀረውን ስፌት ጨረስኩ። ስፌቱ እንደ ደረጀ ቀጥ ያለ አይደለም። ሁሴን በርበሬው ከረጢት ውስጥ ደብቆ ወሰደው።

ከዚያ ወደ ለቅሶው ተመለስኩ። በሩ ላይ ደረስኩ። ሳቅ ነው የመጣው፤ ተመስገን ነው የመጣው፤ ከአፌ የወጣው ግን ጩኸት ነው። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ነጠላዬን ቀደድኩ። «ግርማዬ! ግርማዬ!» አልኩ። እንባዬ አላቆመም፣ ደረቴ እስኪደክም። ሴቶቹ ደግፈው አነሡኝ። አንዷ «ለጎረቤት ልጅ እንዲህ ያለቀሰች ሴት አላየሁም፣ እውነተኛ ወዳጅ ናት» ስትል ሰማሁ።

አስካለ ከጥግ ሆና አየችኝ። ረዥም ጊዜ አየችኝ።


እሑድ፣ ግንቦት 14

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከማክሰኞ ወዲህ በዚህ መንደር የሚወቅጥ የለም። አንዲትም ሴት። ለቀስተኛው በዝቶ እንኳ ቡናው ከቆላ ተወቅጦ መጣ፤ ወጡ ባለፈው ወር በተወቀጠ በርበሬ ተሠራ። ማንም ተነጋግሮ አይደለም። ጠዋት ስነቃ ዶሮ ይጮኻል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሙቀጫ የለም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከደብረ ብርሃን መንገድ ጉርምርምታ መጣ።

ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ነፋስ የለም። ሱቁ በር ላይ ነበርኩ። መንገድ ላይ ያለው ሴት ሁሉ ባለበት ቆመ። እንስራ ያዘለችው እንዳዘለች፣ ሕፃን የምታጠባው እንዳጠባች። አንዳችን አንዳችንን እናያለን። ትወቅጪ? እኔ ልወቅጥ? ማንም እግሩን አላነሣም። ሁለት እናቶች ልጆቻቸው ቤት ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንደኛዋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ብትወቅጥ ወዴት ይሮጣል? ደኑ የለ። ባትወቅጥስ?

ድምፁ ኩርባውን ዞረ።

ሾፌራችን ነበር። መንገዱ ተከፍቶ የቆመች መኪናውን ይዞ መጣ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨው። ጥሩምባውን እየነፋ፣ ጥርሱን ከፍቶ። ማንም ሰላም ያለው የለም። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለ፤ ከዚያ ትዝ አለውና ኮፍያውን አወለቀ።

ስኳሩን ሁለቴ መዘንኩት።

ዛሬ መኪና ሆነ። ነገ ካሚዮን ይሆናል። መንገዱ ተከፍቷል።


ሰኞ፣ ግንቦት 15

አስካለ መጣች። በራሷ እግር፣ ከለቅሶ ቤቷ ተነሥታ፣ ሙሉ ጥቁር ለብሳ። ተነሥቼ መቀመጫ ስጠርግ፣

«ሙቀጫሽን አውሺኝ» አለችኝ።

ደነገጥኩ።

«ለአሥራ ሁለቱ ጠላ መጣል አለብኝ። ጌሾ አልተወቀጠም። የኔን ሙቀጫ ፈልጬ አነደድኩት።»

ነጠላዋ ጫፍ ላይ ጌሾውን ቋጥራ ይዛለች። እኔ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ የሦስት ቀኑ ሁሉ ባንዴ ከአፌ ወጣ።

«አስኩዬ፣ መጀመሪያ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ካሚዮን መስሎኝ ነው። ግርማን ያስሮጥኩት እኔ ነኝ።»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻላል።

«ግርማ ያንቺን መች ሰማ?» አለች። «ተኝቶ ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ። ያንቺን የሰማሁት እኔ ነኝ። ሙቀጫዬን አልጋው አጠገብ ወስጄ፣ ራስጌው ላይ ነው የወቀጥኩት። አልነሣ ሲለኝ በእግሬ ገፋሁት። ‹ተነሣ አንተ ሰነፍ፣ ሊወስዱህ ነው› አልኩት። ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን አንቺም አወቅሽው።»

 ሸራው ወራጁን መታ። ቋ! ሁለታችንም ባንዴ ወደ በሩ ዞርን። ሁለታችንም! እሷም ትሰማዋለች ማለት ነው። ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ ነበር።

«ደረጀ የት ነው?» አለችኝ።

ጌሾውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይ በላይነሽ። እኔ አንቺን ዛሬ አይደለም የማውቅሽ። ባልሽ የሞተ ለት ድንጋይ ሆነሽ ነው የዋልሽው፤ ሐዘን ሲገባሽ ዝም ነው የምትይው። ቅዳሜ ተመልሰሽ መጥተሽ እንደዚያ ስትንከባለይ፣ ልጇን አግኝታዋለች አልኩ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ደህና ነው?»

«አይናገርም» አልኳት። «ግርማ ወጣ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።  ስትገልጠው፣

«ሊያወጣው ሞክሯል?»

«ትከሻው ወልቋል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ንገሩት እንግዲህ። ሁሴን ይንገረው። የግርማ እናት አላዘነችብህም በሉት። ከዚያ ይናገራል።» ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ደግሞ ተመስገን በይ። በሹክሹክታ አይደለም። እኔ ፊት በይው፣ ሌላ የት ትይዋለሽ?»

አልኩት። ተመስገን አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ከአልጋው ሥር ሙቀጫውን ጎትቼ አወጣሁት። ማዳበሪያውን ገፈፍኩት። አስካለ ጌሾውን ጨመረች፤ ዘነዘናውን አነሣች፤ አየር ላይ አቆመችው። ልታወርደው አልቻለችም። እኔም እጄን በእጇ ላይ አደረግኩና አብረን አወረድነው።

ዱብ።

ጌሾ ያለበት ድምፅ ነው። ከጓሮ አያልፍም። ሆኖም ያለፈ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ከታች ሰፈር አንዲት ሴት በርዋ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ስትጥል አየሁ። ሰማች፤ ሙሉ መሆኑን ለየች፤ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚያ ቤትም ዱብ ዱብ የሚል መጣ። በርበሬ ይሆናል።

የአስካለ ጌሾ አለቀ። ወቅጠን ጨረስን፣ ዝቀን አወጣነው። እሷ ግን ዘነዘናውን አልለቀቀችም፤ ክንዷ በልማዱ ተነሣ፣ ሙቀጫው ደግሞ ባዶ ነው። እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም፤ ጓዳ ካለው ከራሴ ጌሾ አንድ እፍኝ ዘግኜ ወረወርኩበት።

ዱብ።

ደግሞ ሊያልቅ ሲል ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ። ለሦስት ተዝካር የሚበቃ ጌሾ ወቅጠናል። «ምን ሊደረግ ነው ይኼ ሁሉ?» አለችኝ። ትንሽ የሳቀች መሰለኝ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ የጀመረችውን ልተውላት ብዬ።

ጓዳ ያለው አልቋል። አሁን ለሙቀጫው ምስር እየለቀምኩ ነው።